በቻይንኛው “መርከብ” ውስጥ ኖኅ አለ?

ጥያቄ፦ “በመንገድ ሥራ ላይ ከቻይናውያን ጋር ስለምውል ቻይንኛ መማር ጀምሬአለሁ። ባለፈው ሰንበት በጉባኤያችን አንድ ሰባኪ ‘መርከብ’ የሚለውን የቻይንኛ ፊደል በስክሪን አሳዩንና ለሦስት ከፈሉት፦ በግራ ታንኳ፣ በቀኝ ከላይ ስምንት ቁጥር፣ ከሥሩ አፍ። ‘ስምንት አፍ ማለት ስምንት ሰው ነው፤ ኖኅና ቤተ ሰቡ። ቻይናውያን የጥፋትን ውኃ ከሺህ ዘመናት በፊት በፊደላቸው መዝግበውታል’ አሉን። ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው። በማግስቱ ቻይናዊውን ፎርማናችንን ብጠይቀው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ ፊደሉ ከየት መጣ? እሁድ እሁድ ለማስተምራቸው ልጆች ልነግራቸው አስቤ ነበር።”

ምላሽ፦

አጭሩን ላስቀድም፤ እውነት አይደለም። በዚህ ፊደል ውስጥ ኖኅም ቤተ ሰቡም የሉም። “ስምንት አፍ” የሚመስለው የቀኝ ክፍል እዚያ የገባው ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ ለማመልከት እንጂ ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ነገር ግን “አይደለም” ብዬ ብቻ ብሸኝዎ ግማሽ መልስ ሰጠሁ ማለት ነው። የፊደሉ እውነተኛ ታሪክ ከተሰበከው በምንም አያንስም፤ እሱን ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ሰባኪውም ከሜዳ ተነሥተው የፈጠሩት ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ንባብ ቆየት ያለ የዘር ሐረግ አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እስኪ እርሳስ ያንሡና አብረን እንጻፈው። ንባቡ “ቿን” ነው፤ ድምፁ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ከፍ ይላል። በጠቅላላ 11 ጭረት አለው፤ ስድስቱ የግራው፣ አምስቱ የቀኙ። ከግራው እንጀምር። አናቱ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለች አጭር ጭረት፤ ከሥርዋ ቁልቁል የሚወርድ ረጅም ጭረት፤ ቀጥሎ ከላይ አግድም ሄዶ በቀኝ በኩል የሚወርድና ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፤ በመካከል አንዲት ነጥብ፣ አንድ አግድም መስመር፣ እንደገና አንዲት ነጥብ። ይህ ክፍል ብቻውን ሲቆም “ጆው” ተብሎ ይነበባል፤ ታንኳ ማለት ነው። እዚህ ግን ጎረቤት ስለመጣበት አግድም መስመሩ በቀኝ በኩል አልፎ እንዳይወጣ ይገታል።

ወደ ቀኙ እንለፍ። ከላይ ግራና ቀኝ እንደተከፈቱ እግሮች ያሉ ሁለት ጭረቶች፣ ከሥራቸው በሦስት ጭረት የሚሠራ ሳጥን። ሳጥኑ ብቻውን ቢገኝ “ኮው” ይባላል፤ አፍ ማለት ነው። ሁለቱ ጭረቶች ብቻቸውን ቢገኙ “ባ” ይባላሉ፤ ስምንት ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሰባኪው ልክ ናቸው። አፍ ለሰው መቁጠሪያ ይሆናል የተባለውም ልክ ነው። ቻይንኛ ዛሬም የሕዝብ ብዛትን “ሰው” እና “አፍ” የሚሉትን ቃላት አጣምሮ ነው የሚጠራው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋ መንግዚም ስለ “ስምንት አፍ” ቤተ ሰብ ተናግሯል። እንግዲህ ቁርጥራጮቹ አሉ፤ ስሕተቱ የተፈጠረው ሁለቱን የቀኝ ቁርጥራጮች ነጣጥሎ እያንዳንዳቸውን በየትርጉማቸው ማንበብ ላይ ነው።

ለነገሩ የመማሪያ መጽሐፍዎ በቻይና የታተመ ከሆነ በደንብ ይመልከቱት። በዛሬው የቻይና የኅትመት ሥርዓት የላይኛዎቹ ሁለት ጭረቶች ክፍት አይደሉም፤ አናታቸው ገጥሞ ትንሽ ጠረጴዛ መስለዋል፣ ከስምንት ቁጥርም ርቀዋል። በድሮ የእጅ ጽሑፎች ደግሞ ሳጥኑ ቀርቶ በምትኩ ትንሽ ሦስት ማዕዘን የምትመስል ምልክት የገባበት “ቿን” በብዛት ይገኛል፤ በዚያኛው አፉ የለም። ይህን እንደ ቁርጥ ማስረጃ አላቀርበውም፤ የቸኮለ ጸሐፊ እጅ ብዙ ነገር ይለውጣልና። ጸሐፊዎቹ ግን በዚያ ቦታ ስምንትንም አፍንም እንደ ቅዱስ ነገር ጠብቀው አላቆዩአቸውም።

አንድን ክፍል “ለትርጉም የገባ ነው ወይስ ለድምፅ?” ብዬ ስጠራጠር መጀመሪያ የማደርገው ያው ክፍል ሌላ የት ቤት እንደሚኖር መፈለግ ነው። ሁለቱ ጭረቶችና ሳጥኑ ተጣምረው በሌሎች ፊደሎችም ውስጥ ይኖራሉ። በግራ የውኃ ምልክት ሲደረግላቸው “የን” ይሆናሉ፤ የወንዝን ዳር ይዞ ጥግ ጥጉን መሄድ ማለት ነው። በግራ የማዕድን ምልክት ሲደረግላቸው “ችየን” ይሆናሉ፤ እርሳስ ማለት ነው፣ ያ ከባዱና በቀላሉ የሚታጠፈው ማዕድን። (እኛ መጻፊያውንም ማዕድኑንም በአንድ ስም እርሳስ እንላለን። ቻይናውያንም መጻፊያውን “የእርሳስ ብዕር” ነው የሚሉት። አሁን በእጅዎ የያዙት ዕቃ ስሙ በቻይንኛ ሲጻፍ ያንኑ “ስምንት አፍ” ይዞ ይመጣል።) እንግዲህ ስምንቱ አፍ የኖኅ ቤተ ሰብ ከሆነ እርሳስ ማዕድን ውስጥ ምን ያደርጋል? ለመርከቡ የሚስማማ ትርጓሜ ለእርሳሱ አይሆንም። በሦስቱም ቤት ሊያስገባው የሚችል አንድ ቁልፍ ብቻ አለ፤ እሱም ድምፅ ነው።

የቻይንኛ ጽሕፈት እንዴት እንደሚሠራ ለእኛ አንባቢ በእኛው ቃል ላስረዳ። ፊደላችን ጠፍቶ በሥዕል ብቻ የምንጽፍ ነን እንበል። የገና ጨዋታን መጻፍ አያስቸግርም፤ ዱላውንና ሩሩን መሣል ነው። “ገና አልመጣም” ስንል ያለውን “ገና” ግን እንዴት ይሥሉታል? የማይጨበጥ ነገር ነው። አንድ ብልህ ጸሐፊ ግን “በድምፅ ይቀራረባሉ፣ አንዱ ይጠብቃል ሌላው ይላላል እንጂ” ብሎ ያንኑ ዱላና ሩር ይውሰድ። አንባቢ ከጨዋታው ጋር እንዳያምታታውም አጠገቡ ፀሐይ ይሣል፤ “ጊዜን የሚመለከተው ገና ነው” ለማለት። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የመጣ አንድ ሰው ይህን ፊደል አይቶ “ዱላ፣ ሩርና ፀሐይ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨዋታው አያልቅም፣ ስለዚህ ‘ገና ነው’ ማለት ሆነ፤ እንዴት ጥልቅ አባቶች ነበሩ!” ቢል አነጋገሩ ያምራል። ታሪኩ ግን ልክ አይደለም። ዱላውና ሩሩ የገቡት ለድምፅ ብቻ ነበር።

አብዛኛው የቻይንኛ ፊደል የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ጎን የነገሩን ዓይነት ይጠቁማል፣ ሌላው ጎን ድምፁን። ማዕድን ነው፣ ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው፣ የታንኳ ዘመድ ነው ይላል አንዱ፤ ሲጠራ እንዲህ ወደሚለው ይጠጋል ይላል ሌላው። ጀማሪ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ “ማ” ነው፤ እናት። በግራ የሴት ምልክት፣ በቀኝ ፈረስ ተሥሎበታል። ቻይናውያን እናታቸውን በፈረስ መመሰላቸው አይደለም፤ ፈረስም “ማ” ስለሚባል ነው። “ቿን” የ“ማ” ወንድም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ድምፅ ነው ካልን “ቿን”፣ “የን” እና “ችየን” የታሉ የሚመሳሰሉት? በቤይጂንጉ አነጋገር በእርግጥ ተራርቀዋል። ሰው ወደ ሥዕሉ የሚሸሸውም ድምፁ ስለተሸፈነበት ይመስለኛል። ይህን መሸፈኛ የሚገልጡልን ግን ብዙ ምስክሮች አሉ። ተማሪ ሳለሁ ከጓንግዶንግ የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛዬን ሦስቱን ፊደሎች ወረቀት ላይ ጽፌ በአገሩ አነጋገር እንዲያነባቸው ጠየቅኩት። ቀና ሳይል “ስዩን፣ ዩን፣ ዩን” አለ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሦስቱ ፊደሎች አንድ ቤት ይመታሉ! ኮሪያውያን ቃላቱን ከቻይና የተዋሱት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ዛሬም “ሶን፣ ዮን፣ ዮን” ብለው ያነቧቸዋል። ጃፓናውያን ደግሞ “ሴን፣ ኤን፣ ኤን” ይላሉ። በሦስት የተለያዩ አገሮች አፍ ውስጥ ሦስቱ ቃላት እንደ ግጥም ተያይዘው መገኘታቸው በአጋጣሚ አይሆንም።

በጽሑፍም አለ። የቻይና ሊቃውንት ለገጣሚዎች መመሪያ እንዲሆን ቃላትን ቤት በመምታታቸው የሚደለድሉ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። ሉ ፋየን በ601 እ.ኤ.አ. ካዘጋጀው የወረደውና በ1008 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው “ጓንግዩን” የሚባለው መዝገብ “ዳር ይዞ መሄድ”ንና “እርሳስ”ን ፍጹም አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጣቸዋል፤ “መርከብ”ን ደግሞ ከእነርሱ ጋር በአንድ ቤት ያኖረዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ርቀው የጥንቱን ቻይንኛ ድምፅ መልሰው ለመገንባት የሚደክሙ አጥኚዎች ሦስቱም ቃላት ፊደሎቹ ሲሠሩ በ“ል” ድምፅ ዙሪያ የቆሙ ነበሩ ይላሉ። ያ “ል” በዘመን ብዛት እንደየቃሉ አቀማመጥ ተለወጠ፤ አንዱ ጋ “ች” ሆነ፣ ሌላው ጋ “የ” ሆነ። ጽሕፈቱ ባለበት ቆሞ ቀረ፣ አንደበቱ ግን ሄደ። እኛም “ንጉሥ” ብለን በንጉሡ “ሠ” ስንጽፍ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በጥንት ግእዝ ከእሳቱ “ሰ” የተለየ ድምፅ ነበረው፣ ዛሬ አንደበታችን አይለየውም፣ ፊደሉ ግን ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ግራው፣ ወደ ታንኳው ልመለስ። እውነተኛው ሥዕል ያለው እዚያ ነውና።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቻይና መድኃኒት ቤቶች “የዘንዶ አጥንት” የሚባል ያረጀ አጥንት እየፈጩ ይሸጡ ነበር። በ1899 እ.ኤ.አ. በቤይጂንግ የነበረው ባለ ሥልጣንና የጥንት ጽሑፍ ሊቅ ዋንግ ዪሮንግ በአጥንቶቹ ላይ የተቀረጹ ፊደሎች መኖራቸውን አስተዋለ። ምንጩ ሲፈለግ በሄናን ክፍለ ሀገር በአንያንግ አጠገብ ያለው የሻንግ ነገሥታት የመጨረሻ መናገሻ ሆኖ ተገኘ፤ ከ1928 ጀምሮም መንግሥት ያስቆፍረው ጀመር። እስከ ዛሬ ወደ 150,000 የሚጠጉ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል፤ የከብት የትከሻ አጥንትና የኤሊ የሆድ ቅርፊት ናቸው። ከ1250 እስከ 1046 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ዘመን ይሸፍናሉ። ሥራቸው ጥንቆላ ነበር። እኛ ዘንድ ሞራ ገላጭ የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግቶ እንደሚያነበው ሁሉ፣ የንጉሡ ጠንቋይ አጥንቱን በጀርባው ጎድጎድ አድርጎ በእሳት ይተኩሰዋል፤ በፊቱ በኩል ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ያነባል፤ ጥያቄውንም እዚያው አጥንት ላይ ይቀርጸዋል። ዝናብ ይዘንባል? ዘመቻው ይቀናል? ንግሥቲቱ በሰላም ትገላገላለች?

ታንኳ በእነዚህ አጥንቶች ላይ አለ። ከአንዱ አጥንት በቀለም የተነሣውን ቅጂ በማጉያ መነጽር ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። በስለት የተጫሩ፣ በመጠኑ የጎበጡ ሁለት ረጃጅም መስመሮች፤ በመካከላቸው እንደ መሰላል ደረጃ አጫጭር አግድም መስመሮች። ጫፎቹ ሾጣጣ አይደሉም፤ ደልደል ያሉ፣ አራት ማዕዘን የሆኑ ናቸው። ከላይ የታየ ጠፍጣፋ የወንዝ ጀልባ ነው፤ ደረጃዎቹ ጎንና ጎኑን የሚያያይዙት የእንጨት መስቀያዎች ናቸው። ብቸኛው እንግዳ ነገር ጀልባው በአፍንጫው ቆሞ መሣሉ ነው። ፈረሱም፣ ውሻውም፣ አሳማውም በዚያ ጽሕፈት ሽቅብ የቆሙ ናቸው፤ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች በጠባብ ዓምድ ስለሚወርድ በአግድም የሚንጋለል ነገር ቦታ ያጣል። አሁን በእርሳስ የጻፉትን የግራ ክፍል እንደገና ይመልከቱት። ሁለቱ ቁልቁል ጭረቶች የጀልባው ጎኖች ናቸው፤ አግድም መስመሩና ነጥቦቹ ከመስቀያዎቹ የተረፉ ናቸው። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያለፈበት ጀልባ እጅዎ ሥር ቆሟል።

በዚያ ጀልባ አጠገብ ስምንትም አፍም የለም። ለጥያቄዎ ይህ ትልቁ ማስረጃ ነው። የጥፋት ውኃ ትዝታ በፊደሉ ውስጥ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ በጥንታዊው ጽሑፍ ላይ ጎልቶ መታየት፣ ወደ እኛ እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ መደብዘዝ ነበረበት። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። የሻንግ ሰዎች የሚያውቁት ባዶውን ጀልባ፣ “ጆው”ን ነው። በጥንታዊዎቹ የቻይና መዝሙሮች ውስጥም የሚንሳፈፈው “ጆው” ነው። “ስምንት አፍ” ያለበት “ቿን” ብቅ የሚለው ከሻንግ አጥንቶች ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ፣ የቻይና መንግሥታት እርስ በርስ ሲዋጉ በነበሩበት ዘመን ነው።

ለምን ሁለተኛ ቃል አስፈለገ? መልሱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 የተወለደው ያንግ ሺዮንግ በየአውራጃው የሚነገረውን ቋንቋ ሲመዘግብ ትቶልናል። ከኬላው በስተ ምዕራብ “ቿን” ይላሉ፣ ከኬላው በስተ ምሥራቅ አንዳንዱ “ጆው” አንዳንዱ “ሃንግ” ይላል ብሎ ጽፏል። ኬላው የቺን መንግሥት በር የነበረው የሃንጉ ኬላ ነው። ስለዚህ “ቿን” በመጀመሪያ የምዕራብ ሰው አነጋገር ነበር። በቁፋሮ የተገኘውም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1957 እ.ኤ.አ. በአንሁዊ ክፍለ ሀገር ሾው አውራጃ ከነሐስ ተሠርቶ በወርቅ ፊደል የተለበጠ የቀረጥ ነፃ ፈቃድ ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 የቹ ንጉሥ ለአንድ መስፍን የሰጠው ሲሆን ቅርጹ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው። ሦስት ሦስት ጀልባ እንደ አንድ ተቆጥሮ ሃምሳ ጊዜ ይፈቀድለታል ይላል፤ 150 ጀልባ መሆኑ ነው። ቹ ከኬላው በስተ ምሥራቅ ነው፤ ጀልባውንም “ጆው” ብሎ ነው የጻፈው። በአንጻሩ በ1975 በሁቤይ ክፍለ ሀገር በሹዪሁዲ ከአንድ የቺን ሹም መቃብር በወጣው የቀርከሃ ጽሑፍ ውስጥ፣ እንደ ዐውደ ነገሥት ቀን የሚቆጥር ክፍል አለ፤ በጀልባ መሄድ የማይገባበትን ቀን ሲያስጠነቅቅ የሚጠቀመው ቃል “ቿን” ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቺን ቻይናን ሁሉ ጠቅልሎ ሲገዛ የምዕራቡ ቃል በሠራዊቱና በሹማምንቱ አፍ ወደ ምሥራቅ ዘለቀ ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በንግግር የሚኖረው “ቿን” ነው፤ “ጆው” ለግጥምና ለጽሑፍ ቀርቷል።

አዲሱን ቃል ለመጻፍ ጸሐፊዎች ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። የታወቀውን ጀልባ በግራ አቆሙ፤ በቀኝ ደግሞ በድምፅ የሚቀርበውን ምልክት አስጠጉ። ያ ምልክት ራሱን የቻለ፣ ዛሬ ከአገልግሎት የወጣ ፊደል ነበር። ሹ ሸን የተባለው ሊቅ በ100 እ.ኤ.አ. ጨርሶ በ121 ለቤተ መንግሥት ባቀረበው፣ 9,353 ፊደሎችን በሚተነትነው መዝገቡ ይህን ምልክት በተራሮች መካከል ያለ ረግረግ ማለት ነው ይለዋል። ሁለቱን የላይ ጭረቶችም ስምንት ሳይሆን የሚፈስ ውኃ ምልክት ያደርጋቸዋል። ስለ “ቿን”ም ቁርጥ ያለ ቃል አለው፤ ትርጉሙ ከጀልባ፣ ድምፁ ከእርሳስ። ሹ ሸን የአንያንግን አጥንቶች አላየም፤ በብዙ ፊደሎች ላይም መሳሳቱ ዛሬ ታውቋል። እዚህ ላይ ግን ጆሮው አላታለለውም፤ ለእርሱ ዘመን ሰው ቿንና እርሳስ ገና ቤት ይመታሉና።

የኖኅ ንባብ ዘር ከየት እንደሆነ ልንገርዎ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ወደ ቻይና ከሄዱት ፈረንሳውያን ጀስዊቶች መካከል ዮአኪም ቡቬና ጆሴፍ ደ ፕሬማር የሚገኙበት ቡድን በቻይና ጥንታዊ መጻሕፍትና ፊደሎች ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስን ምሥጢር ይፈልግ ነበር። እነዚህ ሰዎች ቻይንኛን እጅግ አጥልቀው የተማሩ ነበሩ፤ ፕሬማር የጻፈው የሰዋስው ሥራ እስከ ዛሬ ይከበራል። ያነሣሣቸው ፍቅርም እውነተኛ ነበር፤ ቻይናውያን ከእግዚአብሔር ታሪክ ውጭ ያሉ ሕዝብ እንዳልሆኑ ማሳየት ፈለጉ። ነገር ግን የአንያንግ አጥንት ከመሬት በታች ነበር፣ የጥንቱ ድምፅም ገና አልተጠናም። በእጃቸው የነበረው የሥዕሉ መልክ ብቻ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ያንኑ መንገድ የተከተሉ የፕሮቴስታንት ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛ ባሳተሟቸው መጻሕፍት አማካይነት ንባቡ ወደ ዓለም ጉባኤ ሁሉ ተሠራጨ። አጥንቱ ከተገኘ በኋላ ለሚኖር ሰባኪ ግን የአጥንቱን ምስክርነት መዝለል አይገባውም፤ ይህን በጽኑ እላለሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ፊደል የቆጠረ ሰው “ሀ ብሂል ሀልዎቱ ለአብ እምቅድመ ዓለም” የሚለውን ያውቃል፤ የየፊደሉን ድምፅ መነሻ አድርጎ የእምነትን ትምህርት የሚያስይዝ ውብ ሥርዓት ነው። የኔታ ግን “ሀ” የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው ብለው አያስተምሩም፤ ትርጓሜ መሆኑን ያውቁታል። የፊደሉ ምንጭ ሌላ መንገድ አለው፤ ወደ ደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት፣ ከዚያም አልፎ ቤት ለ“በ”፣ ዓይን ለ“ዐ” ሥዕል ወደ ነበሩበት ዘመን ይወስዳል። ሰባኪዎ “ይህን ፊደል ሳይ ኖኅን አስታውሳለሁ” ቢሉ ማንም አይከለክላቸውም። “ቻይናውያን ኖኅን መዝግበውታል” ሲሉ ግን የታሪክ ምስክርነት ሰጥተዋል፤ ያ ምስክርነት ደግሞ ልክ አይደለም።

ቻይናውያን ክርስቲያኖች የኖኅን መርከብ በምን ፊደል እንደሚጽፉት ቢያዩ ይገረማሉ። በ1919 እ.ኤ.አ. የታተመውና በቻይና ፕሮቴስታንቶች ዘንድ በስፋት የሚነበበው መጽሐፍ ቅዱስ በዘፍጥረት 6 ላይ “ቿን” አይልም፤ “ፋንግጆው” ይላል፣ አራት ማዕዘን ታንኳ። ስምንት አፍ የሌለበትን፣ ባዶውን የሻንግ ጀልባ መረጡ። “ፋንግጆው” ራሱ ጥንታዊ ቃል ነው፤ ድሮ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ጀልባዎች ማለት ነበር።

ለልጆቹ የጀልባ ነገር መንገር ከፈለጉ “ችየን” የሚለውን ፊደል ያሳዩአቸው፤ “ፊት፣ ወደ ፊት” ማለት ነው። (ከእርሳሱ “ችየን” የሚለየው በዜማው ነው፤ ይህኛው ሽቅብ ይወጣል።) አናቱ ላይ ሁለት ነጥብና አንድ አግድም መስመር አለ፤ ያ ጥንት የእግር ሥዕል ነበር። ከሥሩ በግራ ጨረቃ የሚመስል ነገር ይታያል፤ ጨረቃ ግን አይደለም፣ በዘመን ብዛት መልኩ የጠፋ ጀልባ ነው። ሹ ሸን ያስረዳል፦ ሳይራመዱ ወደ ፊት መሄድ፣ እግር በጀልባ ላይ። አንዳንድ የዛሬ አጥኚዎች ደግሞ ጀልባ ሳይሆን ገበቴ ነው፣ እግር ሲታጠብ ነው ይላሉ፤ እኔ የሹ ሸንን እወድዳለሁ። በቀኝ ታች ያለው ቢላዋ ግን ግር ያሰኛል። ፊደሉ ቢላዋ ሲጨመርበት መጀመሪያ “መቁረጥ” ማለት ነበር፤ እግርና ጀልባው በዚያ ውስጥ ድምፅ ብቻ ሰጪ ነበሩ። ኋላ ሰዉ “ወደ ፊት”ን በዚሁ በባለ ቢላዋው መጻፍ ለመደ። “መቁረጥ” ቤቱን ስለተነጠቀ ከሥሩ ሁለተኛ ቢላዋ ጨምረውለት “ጅየን” ሆኖ ቀረ፤ መቀስ በቻይንኛ ሲጻፍ እስከ ዛሬ ሁለት ቢላዋ ይዟል።

ፎርማንዎን ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። አገሩ ጓንግዶንግ ከሆነ፣ ወይም ካንቶንኛ የሚያውቅ ባልደረባ ካለው፣ መርከብን፣ ዳር ይዞ መሄድንና እርሳስን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉለትና ጮክ ብሎ ያንብባቸው።